የፍራሽ ሰሪው ምራት

በመናኸሪያው ውስጥ ፊቷን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ድምጿን ግን የማያውቅ የለም። ከትኬት መስኮቶቹ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣባት አንዲት የመስታወት ክፍል አለች። በውስጧ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ማይክራፎን፣ የመነሻ ሰዓቶች የተጻፉበት ሰሌዳና ክዳኑ የጠፋ ቴርሞስ ይገኛሉ። እዚያ ተቀምጣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ውድ ተሳፋሪዎቻችን" ስትል ኖራለች። ሹፌሮቹ "ማይኳ" ይሏታል። ጥርት ያለ ድምፅ ነበራት፤ ተሳፋሪውን ሳታጣድፍ የምታሳፍር፣ የጠፋ ልጅ ሲገኝም እናቱን ሳታስደነግጥ የምትጠራ። በድምጿ ትኮራ ነበር። ኩራቱ ትንሽ ቢበዛባት አይፈረድባትም፤ ሌላ የምትኮራበት ብዙ ነገር አልነበራትም።

ልጅ ለመውለድ ስድስት ዓመት ጠብቃ አረገዘች። በአምስተኛው ወር አፍንጫዋ ተዘጋ።

አመጣጡ እንደ ጉንፋን ነበር። ጉንፋን ግን በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይሄዳል፤ ይኼኛው ቤት የተከራየ ይመስል ጠቅልሎ ገባ። አንድ ቀን የቀኙ ይዘጋል፣ አንድ ቀን የግራው፣ ብዙውን ቀን ሁለቱም። ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ታስነጥሳለች። ግንባሯና ከዓይኖቿ ሥር ያለው አጥንት ይከብዳታል፤ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ካለች በጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ፊት የሚንከባለል ይመስላታል። ሆዷ እየገፋ፣ ትንፋሿ እያጠረ፣ በአፏ እየተነፈሰች ታድርና ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ይነጋል።

"ማይኳ ዛሬ ከባልዲ ውስጥ ነው እንዴ የምታወራው?" ይላሉ ሹፌሮቹ። አንዱ ትኬት ቆራጭ ደግሞ እሷ "ቁጥር ሰባት" ባለች ቁጥር ከታች ሆኖ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ "ቁጥር ሰባት" እያለ ይመልስላታል። አብራቸው ትስቃለች፣ ከአንገት በላይ። ደረጃውን ስትወርድ ታለቅሳለች። ስታለቅስ አፍንጫዋ ይብስባታል፤ ስለዚህ ማልቀሱንም ተወችው።

ቤታቸው ሁለት ክፍልና በግቢው በኩል መስኮት ያላት አንዲት ትንሽ ክፍል ናት። በትንሿ ክፍል የባሏ አባት ይኖሩባታል። ሽማግሌው ፍራሽ ሰሪ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸውም እጃቸው አላረፈም፤ የጎረቤቱን የተጨፈለቀ ፍራሽ ሁሉ እየተቀበሉ በግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ሥር ይተረትሩታል። ጥጡን በደጋን ይነድፉታል። የደጋኑ ጅማት ድም፣ ድም ሲል ተረግጦ የተኛው ጥጥ ሁሉ ነፍስ ዘርቶ ይነሳል። ከዚያ መልሰው ይሞሉና በረጅም መርፌ እያጠበቁ ይሰፉታል። የስፖንጅ ፍራሽ ስሙም እንዲነሳባቸው አይፈልጉም።

"ስፖንጅ'ኮ ዕቃ ማጠቢያ ነው" ይላሉ። "ሰው እንዴት ዕቃ ማጠቢያ ላይ ይተኛል?"

ጥጡ የሌለበት ቦታ የለም። በካፖርታቸው እጅጌ፣ በቅንድባቸው፣ በሳሙናው ላይ፣ አንዳንዴም በሾርባው ውስጥ ይገኛል። እሷ ግን በፊት በፊት በዚህ ትስቅ ነበር እንጂ አይከፋትም ነበር። ክፉ አልነበሩማ። ሽማግሌው ድምጿን ለመስማት ብቻ መናኸሪያ ድረስ ሄደው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ አጠገባቸው ያለውን መንገደኛ ሁሉ "ምራቴ ናት" የሚሉ ሰው ናቸው። እሷ ስታስነጥስም ከግድግዳው ማዶ ሆነው "ይማርሽ ልጄ" ይሏታል። "ያኑርዎ አባባ" ትላለች። ማስነጠሱ በበዛ ጊዜ ግን "ይማርሽ"ም አብሮ በዛ። አሥራ አምስት ጊዜ ስታስነጥስ አሥራ አምስት ጊዜ "ይማርሽ"። አንድም አያሳልፉም። በስድስተኛው ወር ጥርሷን ነክሳ ዝም ማለት ጀመረች።

እውነቱን ለማውራት፣ በዚያች ክፍል ላይ ዓይኗን ከጣለች ቆይታለች። አፍንጫዋ ከመዘጋቱ በፊት ነው የጀመረው። ልጁ ሲወለድ የት ይተኛል? የልብሱ ሳጥን የት ይቀመጣል? መስኮቷ የጠዋት ፀሐይ ታስገባለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለራሷም ቢሆን ደፍራ አልነገረቻትም፤ በሆዷ ይዛው ብቻ ትዞር ነበር።

ባሏ ቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ሥራ ሲገኝ ጠዋት ወጥቶ ሲጨልም ነው የሚገባው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ የወሰዷት አባቱ ናቸው። ቦርሳዋን ተሸክመው፣ የእሷን እርምጃ እየጠበቁ፣ በየጥላው እያሳረፉ ሄዱ። ነርሷ ታካሚዎችን የምታየው በአረንጓዴ መጋረጃ ከአግዳሚ ወንበሮቹ በተለየች ጠባብ ክፍል ነው። ሽማግሌው ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ውጭ ቀሩ።

ነርሷ አፍንጫዋን በትንሽ መብራት አየች፣ ግንባሯን ጫን ጫን አደረገች፣ ትኩሳቷን ለካች፣ ብዙ ጠየቀቻት።

"ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል እህቴ" አለቻት። "አንደኛ፣ አቧራ ወይም የማይስማማሽ ነገር። ቤት ውስጥ ብናኝ አለ?"

"አለ" አለች። "ሞልቷል።"

"እንግዲያው እሱን ቀንሺ፤ ይረዳሻል። ሁለተኛው ግን ራሱ እርግዝናው ነው። ሰውነት ሲያብጥ የአፍንጫም ውስጡ ያብጣል፣ ይዘጋል። ምንም ሳታደርጊ ከወለድሽ በኋላ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቅሻል። እኔን ከጠየቅሽኝ ይኼኛው ይመስለኛል፤ ስንቷን አይቻለሁ መሰለሽ። ለጊዜው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ጨው በጥብጠሽ አፍንጫሽን እጠቢ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ። ትኩሳት ከያዘሽ ወይ ፊትሽን ካመመሽ ቶሎ ተመለሺ። ከመድኃኒት ቤት ጠብታ በራስሽ እንዳትገዢ።"

መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ሽማግሌው ብድግ አሉ።

"ምን አለችሽ ልጄ?"

ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ወራት ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ መልሳ እንደኖረቻት እሷ ናት የምታውቀው። ሁለቱም መልስ አፏ ላይ ነበር። አንዱን ዋጠችው።

"አቧራ ነው አለች" አለቻቸው።

ሽማግሌው እጅጌያቸው ላይ የነበረችውን አንዲት የጥጥ ብናኝ በጣታቸው አንስተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

ማታ ራት ላይ ባሏም ያንኑ ጠየቀ፤ እሷም ያንኑ መለሰች። አባትየው ማንኪያቸውን ይዘው ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር። ያን ጊዜ አስተያየታቸው ሸክም ሆነባትና ተነስታ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ሽማግሌው በማግስቱ ደጋኑን ሰቀሉ። የተቀበሉትን ሁለት ፍራሽ ለባለቤቶቹ መለሱ። ካፖርታቸውን ከበር ውጭ ምስማር ላይ አንጠልጥለው በሸሚዝ መግባት ጀመሩ። ብርድ ልብሳቸውን አጠቡ፣ ክፍላቸውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ፣ ቅንድባቸውን ሳይቀር በውሃ ያብሱ ነበር። እሷም በጨው ውሃው ትታጠባለች፣ ሁለት ትራስ ደርባ ትተኛለች፤ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ቀለል ይላትና ተመልሶ ይዘጋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ግቢ ጥጥ የሚባል ነገር አልተነካም፤ አፍንጫዋ ግን ያው ነው። አስተዋይ ሰው ከዚህ አንድ ነገር ይረዳ ነበር። እሷ መረዳቱን አልፈለገችውም። ባሏ በየማታው የቀለምና የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ይዞ ሲገባም እሱን የከሰሰ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን የመናኸሪያው ኃላፊ ወደ መስታወቷ ክፍል ወጣ። ተሳፋሪ እያማረረ ነው፣ ሁለት ሰው ቁጥሩ አልሰማ ብሎት አውቶቡስ አምልጦታል፣ እስክትወልጂ ድረስ ታች የጠፋ ዕቃ መመዝገቢያ ጋ ሁኚ አላት። በትህትና ነው የነገራት። ማይክራፎኑን ለአንዲት ጀማሪ አስረከበችና እዚያው የተረሱ ጃንጥላዎች መሀል ተቀምጣ ዋለች። በየደቂቃው የጀማሪዋ ድምፅ ከላይ ይመጣል። ደህና ድምፅ ነበራት፤ ያ ነው የባሰው።

ደሟ ፈልቶ ቤት ስትገባ ሽማግሌው በትንሿ ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጭናቸው ላይ የክንድ ርዝመት ያላት ፍራሽ አለች። ሰማያዊ መስመር ያለው ልብስ አልብሰው የመጨረሻውን ጥግ እየሰፉ ነበር። ጥጡን በእጃቸው ለቅመው፣ ሁለት ጊዜ አጥበው፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ ፀሐይ አስመትተውት ነው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ጎረቤት ቤት ነበር፤ ከእሷ አርቀው። ያን ግን በኋላ ነው የሰማችው።

"መጣሽ?" አሉ ደስ ብሏቸው። "እስኪ ይችን እይልኝ—"

"አባባ!" አለች። ድምጿ በተዘጋው አፍንጫዋ ውስጥ ታፍኖ እንግዳ ሆኖ ወጣ። "እኔን የገደለኝ አንሶ ለልጁም ይኼን አቧራ ሊያነጥፉለት ነው? እርስዎ እዚህ ቤት ውስጥ እስካሉ እኮ እኔ ትንፋሽ አላገኝም!"

ሽማግሌው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መርፌዋን ሸሚዛቸው ላይ ሰኳት። ፍራሿን በፕላስቲክ ጠቀለሏት።

በሁለተኛው ቀን ለልጃቸው "እህትህ ናልኝ ናልኝ ካለችኝ ቆየች፤ እስኪ እሷ ጋ ደግሞ ልሰንብት" አሉት። ሴት ልጃቸው የምትኖረው በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ልጅየው ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነው። ሻንጣቸውን ይዞ ሸኛቸው። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው "አይዞሽ፣ በሰላም ያገላግልሽ" አሏት። እሷም አመሰገነች። እንዲቀሩ አልለመነችም።

ትንሿን ክፍል ባሏ ነጣ ባለ ቢጫ ቀባት። አፍንጫዋ ቅንጣት ታህል አልተሻላትም። "የቀረ አቧራ ይኖራል" አለችና ጣሪያው ሳይቀር አስወለወለች። አሁንም ያው ነው። ታስነጥሳለች፤ ከግድግዳው ማዶ የሚመልስላት የለም። መጀመሪያ ላይ ጸጥታው እፎይ አሰኛት። በኋላ ግን ካስነጠሰች በኋላ ትንሽ ቆም የማለት ልማድ አመጣች፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው።

ወንድ ልጅ ወለደች። በወለደች በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልጁን ልታጠባ ስታቅፈው አንድ ሽታ መጣባት። የልጁ ራስ ነበር። ቀጥሎ የሳሙና፣ ቀጥሎ የወተት፣ ቀጥሎ የእርጥብ ዳይፐር ሽታ መጣ። ትንፋሿ በሁለቱም አፍንጫዋ ወጣ ገባ አለ። ማንም ምንም አላደረገላትም፤ እንዲሁ ለቀቃት፣ ነርሷ እንዳለችው።

ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። እሷ ግን ልጁን እንደታቀፈች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። እውነቱን ሁልጊዜም ታውቀው ነበር፤ አሁን ግን የምትሸሸግበት አቧራ አጣች። ተነስታ ወደ ትንሿ ክፍል ሄደችና ግድግዳውን አሸተተችው። ቀለም ቀለም ይላል። ከበሩ ውጭ ካፖርቱ ይንጠለጠልበት የነበረው ምስማር አለ፤ እሱን ማንም መንቀል አላስታወሰም። እዚያ ቆማ አለቀሰች፣ አፍንጫዋም አልተዘጋባትም።

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ለማየት አልመጡም። ባሏ በሄደ ቁጥር "ጉንፋን ይዞኛል፣ ልጁን እንዳላስይዘው" እያሉ ይልኩታል። ሁለት ወር ሙሉ የሚይዝ ጉንፋን። ባሏ ያምናል ወይም ያመነ ይመስላል። እሷ ግን ቀኑን ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትለው ከረመች፤ ምን ብላ ፊታቸው ትቆማለች? በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን አቀፈችና ለባሏ እንኳ ሳትነግረው በአውቶቡስ ሄደች።

የባሏ እህት ሥራ ላይ ነበረች። በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ናቸው። ያ ካፖርት የለም፤ በምትኩ ምንም የማይዝ፣ የሚያንሸራትት የናይለን ጃኬት ለብሰዋል። ከስተዋል። ልጁን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

"ቆይ፣ ቆይ ልታጠብ" አሉና ጓሮ ገቡ። ውሃው ሲወርድ፣ ሲወርድ ተሰማት። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ፊታቸውንም ታጥበው፣ ሸሚዝ ለውጠው መጡ። ከዚያ ልጁን ተቀበሏት።

"አንተ ነህ እንዴ!" አሉት ልጁን። "አንተ ነህ እንዴ ይኼን ሁሉ ያመጣኸው!" እየሳቁ ነበር። ልጁም በሁለት ዓይኑ አፈጠጠባቸው።

"ደጋንዎ የታለ አባባ?" አለች ዙሪያውን አይታ።

"ለአንድ ሆቴል ሰጠሁት። ለጌጥ ሰቀሉት አሉ። ምን ያደርግልኛል?" በአገጫቸው ወደ ቁም ሣጥኑ አሳዩዋት። "እዚያ ላይ ያለውን አውርጂው። የሱ ነው።"

አወረደችው። ሰማያዊ መስመር ያላት ያቺው ፍራሽ ነበረች። ስትጫናት ግን ገባ ብላ መልሳ ብድግ አለች።

"ጥጡን አወጣሁት" አሉ ሽማግሌው። "ስፖንጅ ነው ያደረግሁበት። ጥሩው ስፖንጅ ነው፣ እየጠየቅሁ ነው የገዛሁት። ብናኝ የለውም። እሱን አያስነጥሰውም።"

በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"አባባ፣ ነርሷ ያለችኝ ሁለት ነገር ነበር" አለች። "አንዱን ነው የነገርኳችሁ። ሁለተኛው... እርግዝናው ነው ብላኝ ነበር። ሲወለድ ይለቅሻል ብላኝ ነበር። ለቀቀኝም። ጥጡ አይደለም። እርስዎም አይደሉም።"

ሽማግሌው ከልጁ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ።

"እንዴት?"

"መጋረጃ ነው እኮ የነበረው። ጆሮዬ ገና ደህና ነው።" ልጁን በቀስታ ወዘወዙት። "ሁለቱንም ሰምቻለሁ። እኔን ከጠየቅሽኝ ሁለተኛው ይመስለኛል ስትልሽም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ምን አለችሽ ብለው ለምን ጠየቁኝ?"

"ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ። እዚያ ካልነገርሽኝ ራት ላይ ለባልሽ ትነግሪዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ። በማግስቱም ጠበቅኩ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ እኮ።" አነጋገራቸው ላይ ቁጣ የለበትም፤ የተቆጡ ቢሆን በወደደች። "በኋላ አሰብኩት። ሰው አብሮት ያለውን ሽማግሌ ውጣልኝ ማለት ይከብደዋል። በአፍንጫዋ ብታሳብብ ጨዋነቷ ነው አልኩ። ይኼ ነው።"

"ይመለሱ አባባ" አለች። እንባዋ እየወረደ ነበር። "ክፍልዎ አለ። ካፖርትዎን ይልበሱ፣ ደጋኑንም ሆቴሉን ለምኜ አስመልሳለሁ። ለልጅዎም ዛሬውኑ ሁሉንም እነግረዋለሁ።"

"ተይው፣ ምን ያደርግለታል። ደህና ናችሁ አይደል? እኔም እዚህ ለምጃለሁ።" ትንሽ አሰቡ። "እስኪ ይሁን፣ አንድ ቀን መጥቼ—"

ልጁ አስነጠሰ።

ሕፃን ያስነጥሳል፤ ከተወለደ ጀምሮ በቀን አሥር ጊዜ ያስነጥሳል፣ ምንም አይደለም። ይህን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ልጁን ክንዷ ላይ አስቀምጠውት ነበር፣ ትኩስ ዕቃ እንደያዘ ሰው ተጣድፈው። ወደ ኋላ ሄዱ፤ በሩ ጋ እስኪደርሱ ሄዱ። እዚያ ቆመው የሸሚዛቸውን እጅጌ በመዳፋቸው ይጠርጉ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ ቀጥሎ ደረታቸውን። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ምንም አልነበረበትም።

"ይማርህ የኔ ልጅ" አሉ ከበሩ ላይ ሆነው።

በልጁ ፈንታ "ያኑርዎ" ማለት ነበረባት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስትናገር ኖራለች፤ አሁንም አፍንጫዋ ክፍት፣ ጉሮሮዋም ደህና ነው። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም።